የሚንቀሳቀስ ነገር ስታዩ ለሚያዞራችሁ፦ ከቤት ግድግዳ እስከ ጣና ጀልባ ዐይንን ደረጃ በደረጃ የማላመድ መመሪያ

ይህን ልምምድ ጀምረው የሚያቋርጡ ሰዎች ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሰኞ ይጀምራሉ፤ ማክሰኞ ደህና ስለሆኑ መጠኑን እጥፍ ያደርጉታል፤ ረቡዕ ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል፤ ሐሙስ «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። እኔም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆኛለሁ። በሦስተኛው የተሳካልኝ ልምምዱን እንደ መድኃኒት በመጠን መውሰድ ስጀምር ነው።

መመሪያው ሐኪም «ቬስቲቡላር ማይግሬን ነው» (ማዞር የሚያመጣ የማይግሬን ዓይነት) ላላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ዋናው ማዞር ካለፈ በኋላ እንኳ የባጃጅ ግርግር፣ የገበያ ሕዝብ፣ በስልክ ላይ የሚንሸራተት ጽሑፍ ወይም የሐይቅ ሞገድ ሲያዩ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ለሚሸሽባቸው።

ለምን እንደሚሆን በአጭሩ

አንጎል ሚዛን የሚጠብቀው ከሦስት ወገን በሚደርሰው መረጃ ነው፦ ከውስጥ ጆሮ፣ ከዐይን፣ እንዲሁም ከእግርና ከአንገት ጡንቻና መገጣጠሚያ። በቆመ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ጎናችሁ ያለው ሚኒባስ ወደ ፊት ሲነሣ እናንተ ወደ ኋላ የሄዳችሁ መስሏችሁ አያውቅም? ያ በማንም ላይ የሚደርስ የዐይን ስሕተት ነው። ጤነኛ ሰው ወዲያው ይታረማል፤ ጆሮና መቀመጫ «አልተነቃነቅንም» ብለው ይመሰክራሉ። የእኛ አንጎል ግን የጆሮን ምስክርነት መጠራጠር ስለጀመረ ለዐይን ያደላል፤ እርማቱም ይዘገያል። ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እየሸሸን በሄድን ቁጥር ደግሞ መልመጃ ያጣል። በአንድ ቀን ብዙ ስናሳየው በበኩሉ ማይግሬኑን ይቀሰቅሳል። ሥራችን በሁለቱ መካከል መሄድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ምርመራውን አጣሩ። በእኛ ሰፈር ማዞር ሁሉ ወይ ደም ማነስ ነው ወይ ግፊት ይባላል። ሁለቱንም ተለኩ፤ ቀላል ነው። ከዚያ ግን አትቁሙ፤ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፋችሁ የነርቭ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ባሕር ዳር ላይ ሪፈሩ ብዙ ጊዜ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ቬስቲቡላር ማይግሬን ለመባል ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት የሚቆይና ከበድ ያለ የማዞር ሕመም ቢያንስ 5 ጊዜ ደርሶ መሆን አለበት፤ ሰውየው የማይግሬን ታሪክ ሊኖረው ይገባል፤ ቢያንስ በግማሾቹ ጊዜያት ደግሞ እንደ ራስ ምታት፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት ወይም በዐይን ፊት ብልጭታ ማየት ያሉ የማይግሬን ምልክቶች አብረው ይመጣሉ። ሐኪሙ ቀኑንና ርዝመቱን ይጠይቃችኋልና ጽፋችሁ ሂዱ።

አልጋ ላይ ስትገላበጡ ብቻ የሚመጣና ከአንድ ደቂቃ በታች የሚያሽከረክራችሁ ከሆነ ሌላ ችግር ነው፤ ሐኪም ራሳችሁን በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዞር ሊያስተካክለው ይችላል። ከማዞሩ ጋር አንድ ጆሮ የሚደነቁር ከሆነም ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ድንገት አንደበት መንተባተብ፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ጨርሶ መቆም አለመቻል፣ በሕይወታችሁ ገጥሟችሁ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ራስን መሳት፣ ወይም ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ጉዳዩ የልምምድ አይደለም። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

2. ማይግሬኑን አርግቡ። ሕመሙ በየሁለት ቀኑ እየተነሣ ልምምድ መጀመር በሚፈስ ጣራ ሥር ቤት እንደ መቀባት ነው። መጀመሪያ ሐኪም የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ይወስን። መድኃኒት በራሳችሁ አትጀምሩ፣ በራሳችሁም አታቋርጡ። የማዞር ማስታገሻ ክኒን በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ከሆነ ንገሩት፤ እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል እንዳይለምድ ያዘገያሉ። የራስ ምታት ማስታገሻም ቁጠሩ፦ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

3. እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ቡና። በተመሳሳይ ሰዓት ተኙ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሡ፤ እሑድንም ጨምሮ። የቡናውን ብዛት ወስኑ፤ አንድ ቀን አቦል ብቻ፣ በማግስቱ እስከ በረካ መጠጣት ይጎዳል። የዕጣን ጭስ የሚቀሰቅስባችሁ ከሆነ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ጾም ላይ ያላችሁ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ ልምምድ አትሥሩ፤ ከበላችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥሩ። ምግብ መዝለል ሕመሙን የሚያስነሣባችሁ ከሆነ ጉዳዩን ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ፤ የታመመ ሰው ጾም እንደ ጤነኛው አይቆጠርም።

4. ዕቃ አዘጋጁ። ደብተርና እስክሪብቶ፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፤ መደገፊያ ያለው የማይሽከረከር ወንበር፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው «ሀ» ፊደል የተጻፈበት ወረቀት፤ አንድ ስፌድ። ስፌዱ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

5. መለኪያውን ተማሩ። ማዞሩን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፤ 0 ምንም የለም፣ 10 መሬት ይዞ መተኛት ነው። ሦስት ሕግ አለ፦

— ከመጀመራችሁ በፊት ቁጥሩ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያ ቀን አትጀምሩ።
— በልምምድ ጊዜ ከመነሻው በ2 ቢጨምር ጥሩ ነው፤ መጨመሩ የግድ ነው፤ ምንም ካልተሰማችሁ አንጎላችሁ ምንም አልተማረም። በ3 ከጨመረ አቁሙ።
— ካቆማችሁ በ20 ደቂቃ ውስጥ ወደ መነሻው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ በሚቀጥለው ቀን ጊዜውን በግማሽ ቀንሱ።

ደብተሩ ላይ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። ከእኔ አንዱ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30። መነሻ 1። ስፌድ፣ ቆሜ፣ 45 ሰከንድ። 3 ደረሰ። በ12 ደቂቃ ተመለሰ።»

ደረጃ 1፦ ግድግዳው ላይ ያለው «ሀ»

1. ወረቀቱን ባዶ ግድግዳ ላይ በዐይናችሁ ቁመት ለጥፉ። ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።
2. ዐይናችሁን «ሀ» ላይ ተክላችሁ ራሳችሁን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሩ፤ «አይደለም» ስትሉ የምታዞሩትን ያህል ብቻ፣ አንገት የሚያምም ሩቅ ዙር ሳይሆን።
3. ፍጥነቱን የሚወስነው ፊደሉ ነው። ጥርት ብሎ ከታየ ትንሽ አፍጥኑ፤ መደብዘዝ ወይም መዝለል ከጀመረ ቀንሱ።
4. በ30 ሰከንድ አቁሙ። ማዞሩ ሲረግብ ወደ ላይና ወደ ታች ለ30 ሰከንድ ድገሙ።
5. ጠዋትና ማታ፣ በሳምንት አምስት ቀን ሥሩ።

ሦስት ተከታታይ ቀን ቁጥሩ ከ1 በላይ ካልጨመረ ከባድ አድርጉት፤ ግን አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ወይ ጊዜውን ወደ 45 ሰከንድ፣ ወይ ከመቀመጥ ወደ መቆም፣ ወይ እግር ከፍቶ ከመቆም ገጥሞ ወደ መቆም። ሁለቱን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው በማግስቱ ቢታመም የትኛው እንዳሳመመው አያውቅም። የሚያቋርጡት ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ነው።

አሁን ስፌዱን አምጡ። ግድግዳው ላይ ስቀሉትና «ሀ»ውን መሐሉ ላይ ለጥፉ። ከመሐል እየዞረ የሚወጣው ባለ ቀለም ስፌት፣ ራሳችሁን ስታዞሩ ዳር ዳሩን የሚሽከረከር ይመስላል፤ ፊደሉ ግን ቦታው ላይ ነው። ዐይናችሁ ወደ ስፌቱ ሲሰረቅ ያዙት። ስፌዱ ከባዶው ግድግዳ በጣም ስለሚከብድ ወደ ወንበራችሁ ተመልሳችሁ በ15 ሰከንድ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ስክሪን

በመጀመሪያ የዕለት ተዕለት ስልካችሁን አስተካክሉ። አይፎን ላይ በ«አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ «ሪዲውስ ሞሽን»ን አብሩ፤ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ ደግሞ «ሪሙቭ አኒሜሽንስ» የሚል አለ። ጽሑፍ ስታነቡ ገጹን አንሸራቱ፣ አቁሙ፣ አንብቡ፤ እየተንሸራተተ አታንብቡ። በተንቀሳቃሽ ባጃጅ ውስጥ ስልክ አትዩ፤ ይህን በጤናችሁም ጊዜ ብትተዉት አይጎዳችሁም።

ለልምምዱ ከመኪና መስኮት የተቀረጸ፣ ቀጥ ያለ መንገድ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጉ። በተራራ ጥምዝ አትጀምሩ፤ የዓባይ በረሓን ቁልቁለት ለመጨረሻ አቆዩት።

1. ድምፁን አጥፉ። ክፍሉ መብራት ይኑረው፤ ጨለማ ውስጥ ስክሪኑ ይገዝፋል።
2. በስልክ ጀምሩ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ። ትንሽ ስክሪን ቀላል የሚሆነው በዙሪያው የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ስለሚታይ ነው።
3. ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። በሩቅ ያለውን የመንገዱን ጫፍ እዩ፤ በጎን የሚያልፈውን ዛፍ አትከተሉ።
4. ቪዲዮውን አቁማችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን «ሀ» እዩ፤ እስኪረጋ ጠብቁ። አምስት ጊዜ ድገሙ።
5. አንድ ደቂቃ ሲቀላችሁ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። ከሦስት ሜትር ጀምሩ፤ በየጥቂት ቀኑ ወንበሩን አንድ እርምጃ አቅርቡ።
6. ቀጥሎ ሕዝብ የሚተራመስበት ቪዲዮ፣ ከዚያ የውኃ ሞገድ።

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እኔ ከአራት ሳምንት በላይ ቆይቼበታለሁ።

ደረጃ 3፦ ቆርቆሮ አጥርና ዘንባባ

አሁን ከቤት ውጡ። የመጀመሪያው መልመጃ በየሰፈሩ አለ፦ ቆርቆሮ አጥር። ጎን ለጎን ስትሄዱ የቆርቆሮው ሸንተረር በዐይናችሁ ዳር ይሮጣል። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ ሂዱ፣ ቀጥሎ በመሐል፣ ከዚያ አጠገቡ። አጥሩን አትዩት፤ ፊት ለፊት ያለ ምሰሶ ወይም በር ላይ ዐይናችሁን አሳርፉ። 20 እርምጃ፣ እረፍት፣ 20 እርምጃ።

ሁለተኛው ዘንባባው ነው። እንግዳ ሰው የባሕር ዳርን ዘንባባ ለውበቱ ያነሣዋል፤ እኔ የማውቀው በጥላው ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግንዱ ሁሉ በአስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ይጥላል፤ ብርሃንና ጥላ፣ ብርሃንና ጥላ። ስለዚህ በሰዓቱ ተጠቀሙበት። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥላ በሌለበት ደመናማ ቀን ወይም ጥላው ከግንዱ ሥር ሲሰበሰብ ሂዱ፤ ባለ ክፈፍ ኮፍያ አድርጉ፣ ውኃ ያዙ። ቀጥሎ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በመጨረሻ ጥላው ሲረዝም 11 ሰዓት ላይ። ያንኑ መንገድ በባጃጅ የምታልፉበት ጊዜ ገና ነው፤ ፍጥነቱ ጥላውን ወደ ብልጭታ ይለውጠዋል።

ጥቁር መነጽር ውጭ ለፀሐይ ይሁን። ቤት ውስጥ ማድረግ ዐይንን ብርሃን ጠል ያደርገዋል።

በዚህ ልምምድ ወቅት ብስክሌት አትንዱ። ብስክሌት በበዛበት ከተማ ይህ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ግን መሐል መንገድ ላይ ቁጥሩ 6 ከደረሰ ምን ታደርጋላችሁ?

ደረጃ 4፦ የባጃጅ መገናኛ

1. አደባባይ ፊት ለፊት ያለ ጭማቂ ቤት ምረጡ። ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፣ እግራችሁ መሬት ይንካ።
2. ከአደባባዩ ማዶ ያለ የማይንቀሳቀስ ጽሑፍ ላይ ዐይናችሁን ትከሉ። ባጃጆቹ በመሐል ይለፉ። ሁለት ደቂቃ።
3. ቀጥሎ አንዷን ባጃጅ ምረጡና እስክትሰወር ተከተሏት፤ ወዲያው ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። አሥር ባጃጅ።
4. ከሳምንት በኋላ ይህንኑ ቆማችሁ ሥሩ።
5. ከዚያ ተሳፈሩ። አጭርና ቀጥ ያለ ጉዞ ይሁን፤ በሹፌሩ ትከሻ በላይ ሩቁን መንገድ እዩ፤ በጎን ክፍቱ አትዩ። የዓባይን ድልድይ ለኋላ አቆዩት፤ የድልድዩ የጎን መደገፊያ ብረትና ከበስተጀርባው የሚሄደው ውኃ ተደርበው ሁለት ፈተና ይሆናሉ።

ደረጃ 5፦ ገበያ

ቅዳሜ ገበያን ቅዳሜ ዕለት አትጀምሩት። በሌላ ቀን፣ በጠዋት፣ ከዳሩ ጀምሩ። አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት ሂዱ፤ ሎሚ ይበቃል።

ሕዝቡ ወደ እናንተ ሲመጣ የእያንዳንዱን ሰው ፊት አትያዙ፤ ከራሶች በላይ ያለ የማይነቃነቅ ነገር ፈልጉ፣ የጣራ ጠርዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ። ዕቃ ስትመርጡ ራስ ጎንበስ ቀና የሚለው ሌላ ቁጥር ይጨምራልና ቀስ እያላችሁ ዝቅ በሉ። በየአምስት ደቂቃው ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁጥራችሁን ጠይቁ።

አብሯችሁ የሚሄደውንም ምረጡ። እኔ አንድ ጊዜ አክስቴን ይዤ ሄድሁ። «ወይ ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ፣ ተቀመጪ!» እያለች በየደቂቃው ስታስቆመኝ ገበያው ካሳመመኝ ይልቅ የእሷ ድንጋጤ ሁለት ቁጥር ጨመረብኝ። ዝም ብሎ ከጎናችሁ የሚሄድ፣ ስትቆሙም የሚቆም ሰው ይሻላል።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

መንገድ ላይ ድንገት ቢያጥለቀልቃችሁ። ቁሙ። ግድግዳ ወይም ዛፍ በእጃችሁ ንኩ፤ እግራችሁን ከፈት አድርጉ። እንደቆማችሁ ዐይናችሁን አትጨፍኑ፤ መንገዳገዱ ይብሳል። የሕንፃ ጠርዝ እዩ፤ በአራት ቆጥራችሁ ተንፍሱ ወደ ውስጥ፣ በስድስት ወደ ውጭ። መቀመጫ ካለ ተቀመጡ። ሲረግብ ወደ ቤት ሂዱ፤ «የጀመርኩትን ልጨርስ» የሚለውን እልኸኝነት ለሌላ ጉዳይ አስቀምጡት። በማግስቱ የመጨረሻውን መጠን ግማሽ ሥሩ።

ዋናው ሕመም ቢነሣ። ልምምድ የለም። ጨለማና ጸጥታ፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት፣ ውኃ። ሙሉ በሙሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጨምራችሁ ዕረፉ። ስትመለሱ ካቆማችሁበት ሁለት ደረጃ ወርዳችሁ ጀምሩ፤ በጥቂት ቀን ወደ ቦታችሁ ትደርሳላችሁ።

በወር አበባ ሰሞን ቢብስ። የተለመደ ነው፤ ሆርሞን ማይግሬንን ይቀሰቅሳል። ቀኖቹን ደብተሩ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉና በእነዚያ ቀናት ደረጃ 1ን ብቻ ሥሩ።

ሦስት ሳምንት ሠርታችሁ ምንም ባይለወጥ። መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት ደብተሩን ተመልከቱ። እንቅልፍ? የማስታገሻ ክኒን ብዛት? የሕመሙ ድግግሞሽ? እነዚህ ካልተስተካከሉ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ተመለሱ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት ከቻላችሁም መጠኑን እሱ ቢያስተካክልላችሁ ይመረጣል።

ደረጃ 6፦ ጣና

ሐይቁን ለብቻው ያስቀመጥሁት ሌሎቹ ደረጃዎች የማያውቁት ነገር ስላለው ነው፦ ዳርቻው ላይ ስትቆሙ የሚንቀሳቀሰው ዐይናችሁ የሚያየው ብቻ ነው፤ ጀልባ ላይ ግን እናንተም ከሥራችሁ ትወዛወዛላችሁ።

1. ከዳርቻው ጀምሩ፣ በጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ። ከውኃው 20 ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ማዶ ያለውን የደሴት ዛፍ እዩ፤ ውኃው በዐይናችሁ ሥር ይለፍ። አንድ ደቂቃ።
2. በሚቀጥሉት ቀናት ዐይናችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ መሐል ውኃ፣ ከዚያ ወደ ቅርቡ ሞገድ አውርዱ። ዳር ላይ ተጠራቅሞ የሚወዛወዝ እንቦጭ ካለ ከባዱ እሱ ነው፤ መሬት ይመስልና ይነቃነቃል።
3. ቆማችሁ ድገሙ። ውኃው አፋፍ ላይ ግን አትቁሙ።
4. ከሰዓት በኋላ ሞገድ ሲነሣ ተቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩ። ቁጥሩ ከ2 በላይ ካልጨመረ ለጀልባ ደርሳችኋል።
5. ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርቡን ምረጡ፤ ደብረ ማርያም ይበቃል። ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ውኃ ላይ ያስቀምጣችኋል፣ መመለሻውም አለ። ታንኳ ከውኃው ጋር እኩል ስለሚያስቀምጥ ከሁሉም የከበደ ነው።
6. ከጀልባው መሐል፣ ፊታችሁን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጋችሁ ተቀመጡ። የሕይወት ጃኬት ልበሱ። ዐይናችሁ ማዶ ያለው መሬት ላይ ይሁን፤ ከጀልባው ጎን የሚፈሰውን አረፋ አትዩ፣ ፎቶ አታንሡ። ባለጀልባውን ገና ሳትነሡ «ወንድሜ፣ ራሴን ስለሚያዞረኝ ቀስ አድርገህ ንዳልኝ» በሉት።

ከወረዳችሁ በኋላ መሬቱ ለጥቂት ሰዓት እንደ ጀልባ ቢወዛወዝባችሁ አትደንግጡ፤ ጤነኛ ሰውም ይሰማዋል። ተራመዱ፣ አትተኙ። መወዛወዙ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ እስከዚያም ሌላ ጀልባ አትሳፈሩ።